አራተኛው መቆሚያ

ኅዳር 3

ጋሼ፣

ሰላምታዬ ቀድሞኝ ይግባ፤ እኔ ገና በሩ ላይ ነኝ።

ብርሃኑ ከየት ነው የሚገባው ያሉኝን በመጀመሪያ ልመልስ። ከግራ ነው። ረጃጅም መስኮቶች አሉ፤ መስተዋታቸው ወተት የተቀባ ይመስላል። ጠዋት ጠዋት ጭጋጉ ውጭ ይሁን ውስጥ መለየት ያቅተኛል። የተኩስ አዳራሹ የእኛን ሦስት እጥፍ ይሆናል፤ አርባ መቆሚያ አለው። ወለሉ ግን ባዶ ነው። ምንም አልተሣለበትም። የመጀመሪያው ቀን ጠመንጃዬን ይዤ ስገባ እግሬን የት እንደማሳርፍ ጠፋኝ፤ «ግቢ» እስኪባል እንደሚጠብቅ እንግዳ ቆሜ ቀረሁ።

ስልካችንን በር ላይ ሰብስበውታል። እስከ ምርጫው ውድድር አይመለስም። ሌሎቹ አለቀሱ፤ እኔ ግን ምን አስለቀሰኝ? በስልክ «እንዴት ነዎት?» ስልዎ «ሰባት ሰዓት ሆኗል» የሚሉኝ እርስዎ አይደሉ? ያ ሁሉ ዓመት ተኩስ የደበደበው ጆሮ ደብዳቤ ይሻለዋል።

ሃያ ሁለት ነን። ለብሔራዊ ቡድኑ የሚፈለገው ሦስት ሰው ነው። ውድድሩ ታኅሣሥ 12 እና 13 ነው፤ በየቀኑ ስድሳ ስድሳ ጥይት።

አሰልጣኙን ውሃልክ ይሉታል። እውነተኛ ስሙን የሚጠራ የለም። አናጢዎች የሚይዙትን ያን አረፋ ያለበትን መለኪያ ኪሱ ውስጥ ይዞ ይዞራል፤ ጠረጴዛ ላይ ያስቀምጠዋል፣ ጠመንጃ ላይ ያስቀምጠዋል፤ ትናንት ምግብ ቤት ውስጥ ከሾርባው ሳህን አጠገብ አስቀምጦት አየሁ። ሾርባው የዘመመ መስሎት ይሁን አላውቅም።

እንዳዘዙኝ በትልቅ ወረቀት ላይ ቆሜ የእግሬን ዙሪያ በእርሳስ አስከብቤ ልኬያለሁ። ያስከበበችልኝ የክፍል ጓደኛዬ ናት። ስትኮረኩረኝ ስለሣቅኩ ግራው ትንሽ ተንቀጥቅጧል። በእኛ አዳራሽ፣ በአራተኛው መቆሚያ ወለል ላይ ከቀቧቸው ነጭ እግሮችዎ ጋር ያስተያዩልኝ። ከአሥራ አንድ ዓመቴ ጀምሮ እነሱ ላይ ነው የቆምኩት፤ ያለ እነሱ ወለል ሁሉ ባሕር ይመስለኛል።

ወገቤን ትንሽ ይሰማኛል። ፍራሹ ይሆናል።

ለእትዬ፦ የተኩስ ጃኬቴን ያየ ሁሉ ማን ሰፋልሽ ይለኛል።

ሽመላ
(እዚህም እንዲሁ ብለውኛል። ማን እንደነገራቸው እንጃ፤ እግሬ ሳይሆን አይቀርም።)


ኅዳር 9

ሽመላዬ፣

ደብዳቤሽ ከነጭጋጉ ደርሶኛል።

በአራተኛው መቆሚያ አሁን ማን ይቆማል ትዪ ይሆናል፤ ማንም። ጠዋት በሩን እከፍታለሁ። መብራቶቹን አንድ በአንድ አበራለሁ፤ ሦስተኛው እንደ ልማዱ ሁለቴ ብልጭ ብሎ አስቦበት ነው የሚበራ። ወለሉ ላይ ውሃ አለ። አይደለም፣ ብርሃን ነው። ውሃ መስሎኝ ስንት ቀን ቆሜ አይቼዋለሁ። ነጮቹ እግሮች ከሥሩ እንደ ዓሣ ተኝተዋል። ማንም ስለሌለ ጸጥ ይላል፤ ጸጥታው ውስጥ የድሮ ተኩሶች አሉ፣ ግድግዳው ያልለቀቃቸው።

ወረቀትሽን ዘርግቼ አየሁት። ልክ ነው። የእኔ ነው።

እትዬሽ ከጎኔ ሆና «የማን እግር ነው?» አለችኝ። «የሽመላ» አልኳት። መቀሷን ይዛ ወደ ስፌት መኪናዋ ተመለሰች። ስትሰፋ ትሰሚያታለሽ አይደል? ቆም ትላለች፣ ትሄዳለች፣ ቆም ትላለች። ዛሬ ብዙ ቆመች።

የነገርኩሽን አትርሺ። አጥንት ይሸከም፣ ጡንቻ ይተኛ። ጎንሽን ለዒላማው ስጪ። ግራ ዳሌሽ ወደፊት፣ ክርንሽ እሱ ላይ፤ ወፍ ጎጆዋ ላይ እንደምትቀመጠው፣ ሳትጨብጥ። ጀርባሽ ወደኋላ ጋደል ይበል። አንገትሽ ቀና። ጠመንጃው ወደ ጉንጭሽ ይመጣል እንጂ ጉንጭሽ ወደ ጠመንጃው አይሄድም። አውጥተሽ ተንፍሺ፤ ትንፋሹ ካለቀ በኋላ ያለችውን ባዶ ቦታ ጠብቂ። እዚያች ውስጥ ነው ቃታው የሚሳበው። ከሳብሽው በኋላም እዚያው ቆዪ። ጥይቱ ከሄደ በኋላ የማይንቀሳቀስ ሰው ነው ተኳሽ።

ወገብሽን ፍራሽ ነው ብለሻል። ፍራሽ ነው።

አጎትሽ


ኅዳር 16

ጋሼ፣

ከአሰልጣኙ ጋር ተጋጭቻለሁ፤ ሁሉንም እጽፋለሁ፤ አይቆጡኝ።

ሐሙስ ጠዋት ነው። አሥረኛውን ጥይት ልተኩስ ትንፋሼ አልቆ እዚያች ባዶ ቦታ ውስጥ ነበርኩ። ከኋላዬ መጣ። አልሰማሁትም። ቀበቶዬ ላይ ቀዝቃዛ ነገር ሲያርፍ ተሰማኝ፤ መለኪያውን አስቀምጦብኛል። እንደ ጠረጴዛ! ሁሉም ጠመንጃቸውን አውርደው ያያሉ። አረፋዋ ወደ ግራ ሄዳ ጥግ ላይ ተለጠፈች።

«ይሄን አቋቋም ማን ነው ያስተማረሽ?»

«አጎቴ።»

«አንካሳ ነው እንዴ አጎትሽ?»

«አፍዎን ይሰብስቡ!» አልኩት። ጋሼ፣ በእውነት እንዲሁ ነው ያልኩት። «አጎቴን ምሰሶ ነው የሚሏቸው። እርስዎ ሲወለዱ እሳቸው ቆመው ነበር።»

አልተቆጣም፤ ቢቆጣ ይሻለኝ ነበር። «ምሰሶ ቀጥ ይላል፣ እህቴ» አለ። «አንቺ ግን ንፋስ የገፋው አጥር ነው የምትመስዪው። ደግሞ ከየዙሩ በፊት ጎንበስ ብለሽ የቀኝ ጫማሽን የምትፈቺው የምታስሪው ለምንድነው? ማሰሪያው ላልቶ አያውቅም፤ አይቼዋለሁ።»

«ልማድ ነው።»

«የማን?»

አንዷ ሣቀች። ከዚያ ወዲህ ጥያቄው አልለቀቀኝም። ልጅ ሆኜ፣ እርስዎ ከመተኮስዎ በፊት ከቁምሳጥኑ ጀርባ ሄደው ጎንበስ ሲሉ አይዎት ነበር። የቀኝ ጫማዎን ይፈታሉ፣ ያስራሉ። ጸሎት መስሎኝ ነበር። ከዚያ እኔም ማድረግ ጀመርኩ። ምን እንደምጸልይ ግን አላውቅም ነበር።

ሐኪሟ ጀርባዬን ፎቶ አንስታዋለች። አከርካሪዬ ታች ላይ እንደታጠፈ ቅርንጫፍ ነው። «እንዲሁ ከቀጠልሽ ሁለት ዓመት፤ ከዚያ በኋላ ጠመንጃ አትይዢም» አለችኝ፤ እንደ ቀጠሮ ቀን ነገረችኝ። ውሃልክ ደግሞ ወይ አሁን ለውጪው ወይ ተይው አለ። ብለውጠው ውጤቴ ይወድቃል፤ ምርጫው ሊደርስ አራት ሳምንት አልቀረውም። ባልለውጠው ወገቤ ይሄዳል።

እኔ የሰውየውን መለኪያ አላምንም። እርስዎን ነው የማምነው። አቋቋሜ ልክ ነው ካሉኝ ልክ ነው፤ እቆምበታለሁ።

ሽመላ


ኅዳር 22

ሽመላዬ፣

ጽሑፌ ለምን ዘመመ ትዪ ይሆናል። ጠረጴዛው ነው። አንዱ እግሩ ሥር ካርቶን አደርግለታለሁ እያልኩ ቀኑ ይሄዳል።

ውሃልክ የሚባል ሰው በየዘመኑ አይጠፋም። በእኔም ጊዜ ነበሩ። ለክተውኝ ለክተውኝ እነሱ አረጁ። በአቋቋምሽ የወሰድሽው ዋንጫ መደርደሪያው ላይ ነው፤ አቧራውን እኔ ነኝ የማብሰው። ልክ ነው። ቁሚበት።

ትናንት ቀን ላይ ሸለብ አደረገኝ። አዳራሹ ውስጥ ነኝ። ነጮቹ እግሮች ከወለሉ ተነሥተው ይሄዳሉ። ግራው ፈጠን፣ ቀኙ ቀረት እያለ። ጠራኋቸው። በሩ ጋ ሲደርሱ ዞር ብለው አዩኝ። እግር እንዴት ዞር ብሎ ያያል አትበይኝ፤ አዩኝ። ከዚያ አንቺ ገባሽና ባዶው ወለል ላይ ቆምሽ። አልሰጠምሽም። ደስ ሊለኝ ሲገባ ደነገጥኩ።

ጥርጣሬ ሲገባሽ የማስተምርሽን አድርጊ። ዒላማውን ከያዝሽ በኋላ ዓይንሽን ጨፍኚ። ሁለት ጊዜ ተንፍሺ። ሰውነትሽ ወደሚፈልገው ይሂድ፤ አትከልክዪው። ከዚያ ግለጪ። አፈሙዙ ሌላ ቦታ ሄዶ ካገኘሽው በክንድሽ ጎትተሽ አትመልሺው፤ ክንድ ለጊዜው ይታዘዝሻል፣ ሃምሳኛው ጥይት ላይ ይከዳሻል። የኋላ እግርሽን ነው የምታንቀሳቅሺው። ጥፋቱ ሁልጊዜ ከታች ነው።

ስለ ጫማው ሌላ ጊዜ እንጫወታለን።

አጎትሽ

[በወረቀቱ ጀርባ፣ በሌላ እጅ]

አንቺ ልጅ፣ ፖስታውን የማሽገው እኔ ነኝና ጀርባው ላይ ልጻፍ። ጠረጴዛው ምንም አልሆነም። የሚጽፈው ተኝቶ ነው። አዳራሹን ካየ ሦስት ሳምንት ሊሞላው ነው። ሌላውን እሱ ይንገርሽ። ግን ጠይቂው፦ «እትዬ ለሠላሳ ዓመት ለአንድ ጫማ ብቻ የሸራ ንጣፍ የምትሰፋልዎት ለምንድነው?» በይው። አንድ ጣት ተኩል ውፍረት ነው። ሰው ይዋሻል፤ ስፌት አይዋሽም።


ኅዳር 27

ጋሼ፣

የትኛው እግር ነው?


ታኅሣሥ 2

ሽመላዬ፣

ቀኙ ነው።

ይህን ለመጻፍ ሦስት ቀን ፈጀብኝ። እትዬሽ «ጻፍክ?» ትላለች፤ «እያሰብኩ ነው» እላታለሁ። «ሠላሳ ዓመት አስበሃል፣ በቃህ» ትላለች።

ስምንት ዓመቴ ላይ ከግንብ ወደቅኩ። አጥንቱ ገጠመ፤ አጥሮ ገጠመ። በሰፈሩ ስሜ ጠፋና አንካሴ ሆንኩ። እናትሽ፣ ታናሽ እህቴ፣ ስንት ልጅ ፈነከተችልኝ መሰለሽ። በሃያ ዓመቴ ከዚያ ሰፈር ወጣሁ። ጫማዬ ውስጥ ሸራ አጥፌ አስገባሁ፤ ስሄድ የሚያውቅ ጠፋ። ያወቀችው እትዬሽ ብቻ ናት። ካገባኋት በኋላ ወስዳ አየችውና «ይሄ ምን ዓይነት ስፌት ነው፣ አሳፈርከኝ» ብላ ሌላ ሰፋችልኝ። ያለችው ያንን ብቻ ነው።

በተኩስ ክበቡ መካከለኛ ነበርኩ። ንጣፉን አድርጌ እቆማለሁ፤ ዳሌዬ ልክ ነው፣ ክርኔ ግን ዳሌዬ ላይ አይደርስም፣ በአየር ላይ ይንጠለጠላል። አንድ ቀን ንጣፉን ቤት ረሳሁ። በአዳራሹ ውስጥ ማንም እንዳያየኝ ፈጥኜ ወደ አራተኛው መቆሚያ ሄድኩና ቆምኩ። ቀኙ ዝቅ፣ ግራው ዳሌ ብድግ አለ። ክርኔን ተቀበለው። እንደ መደርደሪያ። ያን ቀን የተኮስኩትን በዚያ አዳራሽ ሰው ተኩሶት አያውቅም። ከዚያ ወዲያ ሁልጊዜ ከቁምሳጥኑ ጀርባ እሄዳለሁ፤ ንጣፉን አወጣለሁ፣ ጫማዬን አስራለሁ፣ እተኩሳለሁ። ስጨርስ መልሼ አስገባለሁ።

ያኔ ነው ምሰሶ ያሉኝ። የዘመምኩ ዕለት።

ቀለሙን የቀባሁት እናትሽ አንቺን አምጥታ «አሳድግልኝ» ያለችኝ ዓመት ነው። ገና ሳይደርቅ ዘለሽ ቆምሽበት። ሁለት እኩል እግር ያላት ልጅ፣ ነጭ ቀለም የነካ ሶል። «እንዲህ ነው?» አልሽኝ። «እንዲህ ነው» አልኩሽ። ሌሎቹን ሁሉ ሰውነታቸውን አይቼ ነው ያስተማርኩት፤ አጭሩን እንደ አጭር፣ ወፍራሙን እንደ ወፍራም። አንቺን ሳይ አንቺን አላየሁም። ራሴን ነው ያየሁት፤ ሳላነክስ።

አሁን ደግሞ ሌላውን ልንገርሽ። አንቺ በሄድሽ በአራተኛው ቀን አዳራሹ ውስጥ ወደቅኩ፤ እዚያው ቀለሙ ላይ። ግራ ዳሌዬ ተሰበረ። ብረት አስገቡልኝ። አዳራሹን ስጽፍልሽ የነበረው ዓይኔን ጨፍኜ ነው። ሐኪሙ ፎቶውን በመስኮት ብርሃን ይዞ አየና «አባቴ፣ ይሄ ያለቀው በመውደቅ አይደለም፣ በመቆም ነው» አለኝ። እንዲህ ሲለኝ ያንቺ ወረቀት ትራሴ ሥር ነበር። እያወቅኩ ነው «ቁሚበት» ብዬ የጻፍኩልሽ። ሌላ የሰጠሁሽ ነገር ስላልነበረኝ ነው። ይህን ምክንያት አትቀበዪው፤ እኔም አልተቀበልኩትም።

የሰውየውን ቃል ስሚ። ዳሌሽን አስተካክዪ። ከፍታው ይጎድልሻል፤ በእጅሽ አምጪው። መዳፍሽን ዘርግተሽ ሳይሆን ጨብጠሽ፣ ጠመንጃውን በጭብጥሽ ላይ አስቀምጪው፤ አራት ጣት ያህል ታተርፊያለሽ። ይህን አሁን አልሰማሁትም። ድሮም አውቀዋለሁ።

በቡድኑ ውስጥ ቦታ ብታጪ ያሳጣሁሽ እኔ ነኝ። ይቅርታ ለማለት ቁጭ ማለት እንኳ አልቻልኩም፤ ተኝቼ ነው የምልሽ።

አጎትሽ


ታኅሣሥ 9

አንቺ ልጅ፣

እኔ እንደ እሱ ሕልም አልጽፍም። ሁለት ነገር አለኝ።

አንደኛ፣ ጃኬትሽን የቆረጥኩት በእሱ ጃኬት ልክ ነው። ግራ ጎኑ አጠር፣ ቀኙ ረዘም ያለ ነው። «ልክ እንደ እኔ አድርጊላት» አለኝ፤ አደረግኩ። ልብስ ሰፊ ዓይኗን አምና አንዳንዴ አፏን መክፈት ነበረባት፤ አልከፈትኩም። የእኔም እጅ አለበት ማለቴ ነው። እንግዲህ አንቺ ቀጥ ብትዪም ጃኬቱ መልሶ ያዘምሻል፤ ሸራው ደረቅ ነው፣ ምሕረት የለውም። ግራ ጎኑን ከብብት ጀምረሽ እስከ ታች ፍቺው። ለክፉ ቀን ብዬ ትርፍ አስቀርቼበታለሁ። ራስሽ እንዳትሰፊው። ቁልፍ ስትተክዪ ጣትሽን ከልብሱ ጋር የምትሰፊ ልጅ እንደሆንሽ እናውቃለን። ለሚችል ሰው ስጪ። ውድድሩ ሲያልቅ ልክሽን ላኪልኝ፤ አዲስ እሰፋልሻለሁ፤ በአንቺ።

ሁለተኛ፣ በሩ በተንኳኳ ቁጥር «ፖስታ ነው?» ይላል። ጎረቤት ናት፤ መርፌ ልትዋስ መጥታ። «ፖስታ ነው?» ይላል። ልትቆጪው ከሆነ ተቆጪው፤ እኔም አግዝሻለሁ። ዝም ግን አትበዪው። ዝምታ ላይ ጎበዝ ነው፤ አትችዪውም።

ትናንት በሁለት ምርኩዝ አልጋው ዳር ተቀምጧል። መቆም ግን እምቢ አለ። «ፈራህ?» ብለው «እንዴት እንደሚቆም ረሳሁ» አለኝ። ሣቅኩ። እሱ አልሣቀም።


ታኅሣሥ 14

ጋሼ፣ እትዬ፣

ዘግይቶ የደረሰ ሰላምታ ደጅ ላይ አይቅርብኝ።

ተቆጥታ ይሆን ሳይሉ አይቀሩም፤ ተቆጥቼ ነበር። የእርስዎን ደብዳቤ ያነበብኩት የጠመንጃ ማጽጃው ክፍል ውስጥ ነው፤ የዘይት ሽታ፣ አንድ መስኮት፣ ሁለት ወንበር። አንብቤ ስጨርስ ቀኝ ጫማዬን ፈትቼ ውስጡን አየሁ። ምንም የለም። አሥራ ሁለት ዓመት ባዶ ጫማ ስፈታና ሳስር ኖሬያለሁ። በዚህ ነው የተናደድኩት፤ በዳሌው አይደለም፣ በቡድኑ አይደለም። ጸሎት መስሎኝ ነበር።

ሁለት ቀን ጠመንጃ አልነካሁም። በሦስተኛው ቀን ወደ ውሃልክ ሄጄ «ያስተካክሉኝ» አልኩት። መለኪያውን ቀበቶዬ ላይ አደረገ። አረፋዋ መሃል እስክትመጣ ሌላ ሰው ሰውነት ውስጥ የገባሁ መሰለኝ። ጠመንጃው ዝቅ አለብኝ። ውሃልክ ምንም ከማለቱ በፊት እጄን ጨበጥኩና ጠመንጃውን በጭብጤ ላይ አስቀመጥኩት። «ይሄን ደግሞ ማን አስተማረሽ?» አለኝ።

«አጎቴ።»

መለኪያውን ኪሱ ከተተና «አንካሳ ያልኩትን እዚህ ላይ ልተወው» አለ።

«አይተዉት» አልኩት። «ናቸው።»

ጃኬቱን እሱ ራሱ ነው ፈትቶ የሰፋልኝ። እትዬ፣ ስፌቱን ቢያዩት ያለቅሳሉ።

የመጀመሪያው ቀን። ጭጋግ ነበር። መስኮቶቹ ነጭ፣ ዒላማዎቹ ነጭ፣ መሃላቸው ያለችው ነጥብ ብቻ ጥቁር። ጎንበስ አልኩ። እጄ ማሰሪያው ላይ ደረሰ። እዚያ ስንት ሰዓት እንደቆየሁ አላውቅም። ዳኛው «ችግር አለ?» አሉኝ። «የለም» ብዬ ቀና አልኩ፤ ሳልፈታው። ዒላማውን ይዤ ዓይኔን ጨፈንኩ። ሁለቴ ተነፈስኩ። ሰውነቴ ሲሄድ ተሰማኝ። ስገልጠው ዳሌዬ ዘሞ፣ አፈሙዙ ወደ ቀኝ ታች ወርዶ አገኘሁት። ወደ እርስዎ ሄዷል፤ ወደ አራተኛው መቆሚያ። በክንዴ አልመለስኩትም። የኋላ እግሬን አንቀሳቀስኩ። እንደገና ጨፈንኩ፤ እንደገና ሄደ። እንደገና እግሬን። ስድሳ ጥይት እንዲሁ። በዚያ ቀን አሥራ አራተኛ ሆንኩ።

ሁለተኛው ቀን አርባኛው ጥይት ላይ ይመስለኛል፤ ጨፈንኩ፣ ተነፈስኩ፣ ገለጥኩ፤ አፈሙዙ ያለበት ነው። አልሄደም። ደስታ መሰለኝ፤ ከዚያ ከቤት የወጣሁ፣ በሩን የዘጋሁ መሰለኝ። ቢሆንም ተኮስኩ።

ሦስት ሰው ተመረጠ። እኔ በጠቅላላው አራተኛ ነኝ። ተጠባባቂ። ሦስቱ ይሄዳሉ፣ እኔ እዚሁ እለማመዳለሁ፤ አንዷ ካልታመመች የትም አልሄድም። ውሃልክ ሳልጠይቀው «በድሮው አቋቋምሽ ሁለተኛ ትሆኚ ነበር» አለኝ። ቀጥሎ «እስከ መቼ?» አለ፤ መልሴን ሳይጠብቅ ሄደ።

አልቅሻለሁ። አልዋሽዎትም። ያሳጣሁሽ እኔ ነኝ ብለዋል፤ አዎ፣ እርስዎ ነዎት። የያዝኩትንም የሰጡኝ እርስዎ ነዎት። ሁለቱን እንዴት አድርጌ በአንድ ሚዛን እንደማስቀምጣቸው ገና አላወቅኩም። ሳውቅ እጽፋለሁ።

ወገቤ ዝም ብሏል። ዝምታውን ገና አላመንኩትም።

አዲስ ወረቀት ልኬያለሁ። የክፍል ጓደኛዬ ስትሥልልኝ አልሣቅኩም፤ መስመሩ ንጹሕ ነው። መቆም እምቢ ማለትዎን እትዬ ጽፈውልኛል። ጋሼ፣ ጥይቱ ከሄደ በኋላ የማይንቀሳቀስ ነው ተኳሽ ብለውኝ ነበር። ጥይቱ ከሄደ ስንት ጊዜው ነው። አሁን ይንቀሳቀሱ።

ሽመላ


ታኅሣሥ 21

ሽመላዬ፣

ቆሙ ወይ ብለሽ ለእትዬሽ በሌላ ወረቀት እንደጻፍሽ አውቄያለሁ። መልሱን ራሴ ልስጥሽ።

ወረቀትሽ የመጣው ሰኞ ነው። ፊደሎቹን ሳላነብ እግሮቹን አየሁ። የማላውቃቸው እግሮች ናቸው። ቀኝሽ እንዲህ ሰፊ ነበር? ከአሥራ አንድ ዓመትሽ ጀምሮ አጠገቤ ነበር፤ ሰፊ ነው።

ከዚያ አነበብኩ። አራተኛ የሚለው ላይ ስደርስ ወረቀቱን አስቀመጥኩ። ጭጋጉ መስኮቴ ድረስ መጣ። ወይ ዓይኔ ነው። እትዬሽ አንስታ ጮክ ብላ ጨረሰችልኝ፤ «አዎ፣ እርስዎ ነዎት» የምትለዋን ሁለት ጊዜ አነበበቻት። አንደኛው ለእኔ ነው፤ ሁለተኛው ለራሷ ይመስለኛል።

ከክበቡ ሰው መጥቶ ነበር። አራተኛውን መቆሚያ ምን እናድርገው አለኝ። «የእርስዎ መታሰቢያ ነው፣ ቀለሙን እናድሰው ብለናል።» ግራጫ ቀቡት አልኩት። ቅር አለው። ወለሉን ሁሉ አንድ ዓይነት ግራጫ፤ የሚመጣ ልጅ የት እንደሚቆም ራሱ ይፈልግ።

ማክሰኞ ጠዋት ወረቀትሽን አልጋው ዳር ወለሉ ላይ እንድትዘረጋልኝ አደረግኩ። ምርኩዞቹን ያዝኩ። እሷ ከኋላ ቀበቶዬን ያዘች። ተነሣሁ። ክፍሉ ዞረ፤ ቁምሳጥኑ ሄዶ ተመለሰ። ባዶ እግሬን ወደ መስመሮችሽ ዘረጋሁ።

«ውረድ!» አለች እትዬሽ። «ከልጅቷ እግር ላይ ውረድ!»

ደንግጬ ልወድቅ ነበር። ከዚያ ሣቅኩ። ሣቅ ላይ እያለሁ ጎንበስ ብላ ወረቀቱን ገለበጠችው፤ ባዶውን ጎን ሰጠችኝ። ቆምኩ። የልብስ ምልክት የምታደርግበትን ጠመኔ ከጆሮዋ ላይ አውርዳ ዙሪያዬን ጀመረች። ዓይኔን ጨፈንኩ። ሁለት ጊዜ ተነፈስኩ። ሰውነቴ ወደሚፈልገው ሄደ፤ አልከለከልኩትም። አንድ ጥይት የሚተኮስበትን ያህል ቆምኩ። ምናልባት ሁለት።

ስገልጥ ቀኙ ላይ ደርሳ እጇ ቆሟል። ጣቶቼን ሥላለች፣ የውስጥ እግሬን ሥላለች። ተረከዜ ወረቀቱን አልነካም፤ በአየር ላይ ነው። ሠላሳ ዓመት ያየችው ሰው አይደለሁም መሰለኝ፤ ቀና ብላ አየችኝ። «የነካውን ብቻ ነው የምሥለው» አለች።

ወረቀቱን መልሼልሻለሁ። ፊት ለፊት ያለው ያንቺ ነው፤ ቁሚበት፤ ሲለምድሽ ደግሞ ጣዪው። ከጀርባው ያለው የእኔ ነው። የቀኙ ግማሽ ነው፤ እትዬሽ ረስታው አይደለም። እዪው ብዬ ነው የላክሁልሽ።

እንዳትቆሚበት።

አጎትሽ